መርፌ ወግተው አጠገባችን ለተቀመጡት ሐኪም

ወገኖቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። በዚያውም ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ትኩሳት አልለቀው ሲል ማን ዘንድ መሄድ እንደምትችሉ ልጠቁማችሁ።

የማመሰግናቸው ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ያላቸው ሐኪም ናቸው። ስማቸውን እንድጽፍ ፈቃድ ብጠይቃቸው «ስሜ ምን ያደርግላቸዋል? በሽታውን ንገሪያቸው» አሉኝ። ስለዚህ ስማቸውን አልጽፍም። በሽታውን ግን በደንብ እነግራችኋለሁ።

የወንድሜ ልጅ የአብነት ተማሪ ነው። ዕድሜው 16 ነው። ትውልዱ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ነው። ከደምበጫ ወጣ ብሎ ያለ የቅኔ ጉባኤ ቤት ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል። የሣር ጎጆ፣ መሬት ላይ የተጎዘጎዘ ጭድ፣ ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም»። ክረምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ልጆቹ ሙቀት ፍለጋ ይጠጋጋሉ። አንድ ጋቢ ለሦስት ለብሰው ያድራሉ።

ባለፈው ሐምሌ ታመመ። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። ጓደኞቹ ደግፈው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ጥቅም የለውም። ደም ሰጠ፣ ወረቀት ተሰጠው። «ታይፎይድ እና ታይፈስ» ይላል። አገራችን ውስጥ ትኩሳት ይዞት ይህን ወረቀት ያልተቀበለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኪኒን ጀመረ። በማግስቱ በላብ ተጠመቀና ትኩሳቱ ለቀቀው። ኪኒኑ ሠራ ብለን ተመስገን አልን።

ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ያዘው። ደግሞ ብሶበት። የኔታ ራሳቸው ስልክ አስደወሉልኝ። «ልጅሽ አፍንጫው እየደማ ነው። ዓይኑም ቢጫ ሆኗል። ቶሎ ነይ» አሉኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በነጋታው በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ደምበጫ ደርሼ ልጁን ስቀበል ቆዳና አጥንት ሆኗል። ፍልሰታ ስለነበር ታሞም ይጾም ነበር።

ሐሳቤ ባሕር ዳር ይዤው ልመለስ ነበር። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ተዝለፈለፈብኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ወታደሩ ዶክተር ዘንድ አድርሺው ልጄ» አሉ። ባጃጁንም ራሳቸው ጠሩልኝ። እኚህንም እናት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳግም አላገኘኋቸውም።

ሐኪሙ ልጁን አልጋ ላይ አስተኙትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የት ነው የምትተኛው?» የሚል ነበር። ቀጠሉ። ስንት ሆናችሁ? ጋቢው ያንተ ብቻ ነው? ከጓደኞችህ የታመመ አለ? መቼ ጀመረህ? መቼ ለቀቀህ?

ልጁ ቀን የሚቆጥረው በበዓል ነው። «በሐምሌ ገብርኤል ጀመረኝ። በተክለ ሃይማኖት ለቀቀኝ። በፍልሰታ መግቢያ ተመለሰ» አለ። ሐኪሙ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ካርዱ ላይ ጻፉ። ከ19 እስከ 24 አምስት ቀን ትኩሳት። ከ24 እስከ ነሐሴ 1 ሰባት ቀን ደህና። ከዚያ እንደገና ትኩሳት። ቁጥሮቹን አሳዩኝና «ይህ የታይፎይድ ሒሳብ አይደለም» አሉ።

ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ገለበጡ። ስፌቱን በትንሽ የእጅ ባትሪ እያበሩ በጣታቸው ተከተሉት። እዚያ ነበር። ቅማሉ ስፌቱ ውስጥ ተሸጉጧል። ቅጫሙም እንደ ነጭ ሰሊጥ በመስመር ተደርድሯል። ልጁ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙ አገጩን ይዘው መለሱት። «ቀና በል። እኔም ወታደር ቤት ሳለሁ ነበረብኝ። ሰው ተጠጋግቶ ሲተኛ የሚመጣ ነገር ነው» አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ ነው ዓይናቸውን አይቶ መልስ መስጠት የጀመረው።

የላቦራቶሪዋን ባለሙያ ጠርተው «ትኩሳቱ ሳይወርድ አሁኑኑ ደም ውሰጂለት» አሏት። ተዋሲው፣ ማለትም በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ነፍስ፣ ደም ውስጥ በደንብ የሚታየው ሰውየው ሲያተኩስ ነው። ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ብትፈልጉት ላይገኝ ይችላል። ማይክሮስኮፑን እኔም እንዳይ ፈቀዱልኝ። ክብ ክብ የደም ሴሎች አየሁ። በመካከላቸው ቀጫጭን፣ የተጠማዘዙ፣ ሐምራዊ ክሮች አሉ። ያ ትንሽ ክር ነው ልጃችንን እንደዚያ ያደረገው።

«ግርሻ ነው» አሉኝ። ለቀቀ ሲባል ስለሚያገረሽ ነው ስሙ። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደውም በልብስና በመኝታ ነው። ብርድ፣ ዝናብ፣ የሰው መጨናነቅ ሲገጣጠሙ ይነሣል። ለዚህ ነው ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚበረታው። በሌላው ዓለም ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ዛሬ በዋናነት የሚገኘው እኛው አገር ነው። በ2007 ዓ.ም ክረምት አውሮፓ የደረሱ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ላይ ሲገኝ እዚያ ያሉ ሐኪሞች ብዙዎቹ አይተውት አያውቁም ነበር። ካልታከመ ሰው ይገድላል። መድኃኒቱ ግን ጤና ጣቢያ የማይጠፋው ፔኒሲሊን ነው።

ይህን ስሰማ ተደሰትኩ። ወግተውልን እንሄዳለን ብዬ ቦርሳዬን አንሥቼ ነበር። «የትም አትሄዱም» አሉ። መጀመሪያ ግሉኮስ ሰቀሉለት። ከዚያ ወጉት። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና እንዲህ አሉኝ። «አሁን ይብስበታል። አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ በጣም ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ተዋሲውን ሲገድል ሰውነት የሚያሳየው ነው። እንዳትደነግጪ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

እዚያው ሆኑ። ወንበራቸውን አልጋው ሥር አስጠጉ። ሌሎች ሕመምተኞች ውጭ ወረፋ ይዘው ነበር። ነርሷን «አስቸኳይ የሆነ ካለ እዚህ አስገቢልኝ» አሏት። ሌሎቹን በበሩ በኩል በትሕትና ይቅርታ ጠየቁ።

አንድ ሰዓት ተኩል እንዳለፈ መንቀጥቀጡ ጀመረ። እግዚኦ! የብረት አልጋው ይንገጫገጭ ነበር። ጥርሱ ይፋጫል። ቴርሞሜትሩ ከ40 በላይ ወጣ። ሐኪሙ የእጁን አንጓ ይዘው የልብ ምቱን ይቆጥራሉ። ደም ግፊቱን በየጊዜው ይለካሉ። ከዚያ ላቡ መጣ። ፊቱ ቀላ፣ ሰውነቱ በረድ አለ። እኔ አለፈለት ብዬ እልል ልል ነው። እሳቸው ግን ያኔ ነው የባሰ የነቁት። ግሉኮሱን ለቀቅ አደረጉት። ልጁ ሽንቴ መጣ ብሎ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዘው መለሱት። «በሃይላንድ ነው የምትሸናው። ነገ እስክነግርህ ድረስ ከዚህ አልጋ አትነሣም» አሉት። ድምፃቸው የአዛዥ ድምፅ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደተቆጡ ገረመኝ። ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ሰዓቱ ረጅም ነበርና ነገሩኝ።

ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ የተነሣው ግንቦት 1990 ዓ.ም ነው። እሳቸው ሕክምና ተመርቀው ብዙም አልቆዩም። መከላከያ ገቡ። ግንባር እሄዳለሁ ሲሉ ምልምል ወታደር የሚሠለጥንበት አንድ ቆላማ ቦታ ተመደቡ። የማሠልጠኛውን ስም እንዳልጽፍ ነግረውኛል። አንድ ሐኪም፣ ጥቂት ጤና ረዳቶች፣ አንድ ሸራ ድንኳን። ሰው ጦርነት ሲባል የሚያስበው ጥይት ነው። እሳቸው እዚያ ዓመት ከመንፈቅ ሲቆዩ አንድም የጥይት ቁስል አላከሙም። ያከሙት ወባ፣ ተቅማጥ፣ ግርሻና እግር ነው።

«እግር?» አልኩ። «አዎ፣ እግር» አሉ። ዕድሜውን በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ የሄደ የገበሬ ልጅ ከስክስ ጫማ ሲያጠልቅ በሁለት ቀን ተረከዙ ውሃ ይቋጥራል። ያፈነዳዋል። ያመረቅዛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ፊሽካ ይነፋል። ምልምሎቹ ሩጫ ይወጣሉ። ሐኪሙ ድንኳናቸው ውስጥ ሆነው በሽተኛ መጠበቅ ይችሉ ነበር። መጀመሪያ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። በኋላ ግን ከሰልፉ ጭራ ሆነው መሮጥ ጀመሩ። «ድንኳኔ ድረስ የሚመጣው ብዙም አያሳስበኝም ነበር። መምጣት ችሏልና። የሚያሳስበኝ ፈሪ እንዳይባል ዝም ብሎ የሚሮጠው ነው» አሉኝ። የሚያነክሰውን፣ ከንፈሩ የደረቀውን፣ በዚያ ብርድ ላብ የሚያጠምቀውን ከኋላ ሆነው ይለዩታል። እጁን ይዘው ከሰልፍ ያወጡታል።

ከሩጫ መልስ ውሃ አለ። ከወንዝ የተቀዳው በርሜል ውስጥ ይገባል። ክሎሪን ይጨመርበታል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ማንም ኮዳውን አይሞላም። ፀሐይ ላይ የሮጠ ጎረምሳ ግማሽ ሰዓት አይታገሥም። ስለዚህ ሐኪሙ ሰዓታቸውን ይዘው በርሜሉ አጠገብ ይቆማሉ። የስድስት ዓመት ትምህርት ተምሮ በርሜል መጠበቅ። ይህን ሲነግሩኝ ቅር ያላቸው አይመስሉም። እንዲያውም ካከሙት ሁሉ በላይ በዚያ በርሜል ያዳኑት ይበልጣል ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ የዕረፍት ሰዓት ነው። ምልምሎቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ቅማል ያነሣሉ። በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል እያደረጉ ጠሽ፣ ጠሽ ያደርጉታል። እኛም ስናድግ ያየነው ነው። አደጋው እዚያ ላይ ነው። የግርሻው ተዋሲ ያለው ቅማሉ አካል ውስጥ ነው። ስትጨፈልቁት ይፈሳል። በታከከ ቆዳ ይገባል፣ በዚያው ጣት ዓይናችሁን ብታሹም ይገባል። ሐኪሙ መጨፍለቅ ከለከሉ። ለየመቶው ቡድን የፈላ ውሃ ያለበት ጣሳ አስቀመጡ። የያዝከውን ወደ ጣሳው ጣል። ልብሱ ደግሞ በየተራ በተቆረጠ በርሜል ይቀቀላል።

የማይቀቀል ነገር ግን አለ። ክታብ። ብዙዎቹ እናታቸው ያሰሩላቸው በቆዳ የተሰፋ ክታብ አንገታቸው ላይ ነበር። ቅማል ማሰሪያው ውስጥ ይደበቃል። አለቆቹ ቆርጣችሁ ጣሉ አሉ። ሐኪሙ እምቢ አሉ። ጦርነት ሊሄድ ካለ ልጅ አንገት የእናቱን ክታብ አልቆርጥም አሉ። እያንዳንዱን በፕላስቲክ አስቋጥረው፣ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፈው፣ ድንኳናቸው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ቅማል ደም ካላገኘ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው። ቅጫሙ ቢፈለፈል እንኳ በሁለት ሳምንት ያልቃል። በሁለት ሳምንቱ ስም እየተጠራ ክታቡ ተመለሰ። አንድም አልጠፋም አሉኝ። ይህቺን ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ከነዚያ ልጆች ስንቱ እንደተመለሰ አያውቁም።

አሁን ወደ አልጋው ልመለስ። አንድ የ19 ዓመት ምልምል በግርሻ ታመመባቸው። ወጉት። ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ላብ ላብ አለውና ትኩሳቱ ወረደ። ዶክተሩም ያኔ ልክ እንደ እኔ «አለፈለት» አሉ። ሌላ ድንኳን ሌላ በሽተኛ ይጠብቃቸው ነበርና ሄዱ። ልጁ ተሻለኝ ብሎ ወደ ሽንት ቤት ሊሄድ ተነሣ። አምስት እርምጃ ያህል ሄዶ ወደቀ። ተጠርተው ሲመጡ ሞቷል።

«ትኩሳቱ ሲወርድ የደም ግፊቱም አብሮ እንደሚወርድ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር» አሉኝ። «ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው።» ከዚያ ቀን በኋላ ማሠልጠኛው ውስጥ ደንብ አወጡ። የተወጋ ሰው አጠገብ ሰው ይቀመጣል። ጤና ረዳት ካነሰ ከጓዱ አንዱ ይቀመጣል። እስኪነጋ አይነሣም። ጦርነቱ ሰኔ 1992 ዓ.ም ቆመ። እሳቸውም ከዓመታት በኋላ ከሠራዊቱ ወጡ። ደንቡ ግን አልቀረም። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ጣቶቻቸው የልጃችን እጅ አንጓ ላይ ነበሩ። አራት ሰዓት ሙሉ።

ልጁ እዚያው አደረ። በማግስቱ የሚወሰድ ኪኒን ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ሽሮ በላ። የኔታ «በሽታ ጾም ይፈታል» ብለው ቢልኩበትም ወተት እምቢ አለ። የዓይኑ ቢጫነት ቀስ እያለ ጠፋ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ በሄድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ክሊኒካቸውን ዘግተው፣ ነርሷን አስከትለው፣ ጉባኤ ቤቱ ድረስ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። የኔታን ጉልበት ስመው ፈቃድ ጠየቁ። ከዚያ ጎጆ ለጎጆ እየገቡ ተማሪዎቹን አዩ። ሌሎች አራት ልጆች ትኩሳት ላይ ነበሩ። አንዱ ሦስተኛ ግርሻው ነው። ወደ ሕክምና አስወሰዷቸው።

ከዚያ በርሜል አስፈለጉ። ልብሱና ጋቢው ተቀቀለ። ደበሎ አይቀቀልም። ቆዳው ይበላሻል። እኔ ምን ሊያደርጉ ነው ስል ከመኪናቸው ትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ። ደበሎዎቹን አንድ በአንድ አስገብተው ጥርቅም አድርገው አሰሩ። የተማሪውን ስም ጻፉበት። ሁለት ሳምንት እንዳይፈታ አሉ። ያን ጊዜ ክታቦቹ ትዝ አሉኝ። ልጆቹ በዚያ ብርድ ራቁታቸውን እንዳያድሩ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ከየቤታቸው ጋቢና ብርድ ልብስ አዋጡ። እኔም የሚገባኝን አደረግሁ። ለየኔታ ደግሞ ከአዲስ የመጣ ተማሪ ልብሱ ሳይታጠብ ከሌሎቹ ጋር እንዳይተኛ አሳሰቧቸው። የኔታ በሙሉ ልብ ተቀበሏቸው።

የከፈልኩት የካርድ፣ የላቦራቶሪና የመድኃኒት ነው። ለተቀመጡበት ሰዓት አላስከፈሉኝም። ለጉባኤ ቤቱ ጉዞ ነዳጅ ልሙላ ብል ተቆጡ።

ስለ እሳቸው ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሰው ይበዛባቸዋል። አንድ ሰው ዘንድ ረጅም ሰዓት ስለሚቀመጡ ወረፋው አይንቀሳቀስም። እኔን ያዳነኝ ነገር እናንተን ሊያስጠብቃችሁ ይችላልና ታገሡ። ጥያቄ ያበዛሉ። አንዳንዱ ሰው «መርፌ ልወጋ መጥቼ የመኝታዬን ነገር ይጠይቀኛል» ብሎ ቅር ይለዋል። እባካችሁ መልሱላቸው። ቀዶ ሕክምና የለም፣ ትልልቅ መሣሪያም የለም። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሰዓት ሳይገድሉ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ።

አደራ የምላችሁ ነገርም አለ። ትኩሳቱ ለቆ በሳምንቱ ከተመለሰ ቀኑን ጻፉት። በወርም ቢሆን በበዓልም ቢሆን ቁጠሩት። ለሐኪማችሁ ንገሩት። ፔኒሲሊን ነው ተብሏል ብላችሁ ከመንደር መርፌ ወጊ ዘንድ እንዳትሄዱ። ከመርፌው በኋላ ያለውን ሰዓት እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስትወርዱ ባጃጅ ነጂዎቹን «ወታደሩ ዶክተር ዘንድ» በሏቸው። ያደርሷችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አታገኟቸውም ይሆናል። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሎች ጉባኤ ቤቶችን እየዞሩ ነው። ስትሄዱ በሽተኛው የለበሰውን ሸሚዝና ያደረበትን ጋቢ በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥራችሁ ያዙ። መጠየቃቸው አይቀርም።